የድሮ ጌጥ ለጥሎሽ፦ አምባር፣ ጠገራ ብር፣ ጨሌ ወይስ ወለባ?

የእህቴ ልጅ ሽማግሌ ከተላከላት በኋላ ቤታችን ውስጥ ሦስት ሳምንት የፈጀ ክርክር ተነሣ። የሙሽራው ወገን ከወርቁ ሌላ አንድ የድሮ ጌጥ በጥሎሹ ውስጥ እንዲኖር ፈለገ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደው፤ የትኛው ጌጥ ይሁን ሲባል ግን አንድም ሰው ከሌላው ጋር አልተስማማም። እትዬ ወፍራም የብር አምባር አለች። ወንድሜ በጠገራ ብር፣ ማለት በማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም፣ የተሠራ የአንገት ጌጥ አለ። ሙሽሪት ደግሞ ጨሌ፣ የብርጭቆ ዶቃውን፣ ነው የምፈልገው ብላ ቁርጧን ተናገረች። የጅማን ገበያ ዞሬ፣ ወርቅ ሠሪዎችን ጠይቄ፣ አንድ ጊዜም ተሸውጄ የተማርኩትን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ። በተመሳሳይ ክርክር ውስጥ ያለ ቤት አይጠፋም ብዬ ነው።

ዋጋውን በመጨረሻ አነሣዋለሁ፤ ክብደቱና ጥራቱ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋ ወሬ ብቻ ነውና። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጌጡ ስለ ባለቤቱ ዘመን ምን ይናገራል የሚለው ነው፦ ማን አደረገው? ከምን ልብስ ጋር? ለምን? ቀጥሎ ዛሬ ይለበሳል ወይስ ቁም ሣጥን ውስጥ ሊተኛ ነው? ሦስተኛው፣ እውነተኛ መሆኑን ያለ ባለሙያ እርዳታ ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል ወይ? አራተኛው ሕግና ጥንቃቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። በእነዚህ ስንመዝናቸው ከላይ የተጠሩት ጌጦች በጣም ይለያያሉ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ቀን አውጥታችሁ ዓይናችሁን አሠልጥኑ። የጅማ ሙዚየም የዳግማዊ አባ ጅፋርን የግል ዕቃዎች ይዟል፤ ቤተ መንግሥታቸውም ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቆሟል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 በነገሡ ሰው ጊዜ የተሠራን ዕቃ አንድ ጊዜ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ ትናንት ተሠርቶ በጭስ የጠቆረውን በቀላሉ አይገዛም። እጅ የነካው እንጨትና ብረት የሚለሰልስበት አኳኋን አለው።

አምባርና አልቦ

ብር አምባር ስል ሠርገኛ የሚዘፍንለትን ሳይሆን የእጅ ጌጡን ማለቴ ነው።

ባንክ ባልነበረበት ዘመን ሴት ልጅ የግሌ የምትለው ሀብት ብዙ ጊዜ በእጇ፣ በእግሯና በአንገቷ ላይ ያለው ነበር። ከብቱም መሬቱም በሌላ ሰው ስም በሚጠራበት ቤት ከእጅ የማይወጣ ብር ትልቅ ነገር ነው። አሠራሩም ይህንኑ ይከተል ነበር፦ ደንበኛዋ ጠገራ ብሯን ይዛ ትሄዳለች፣ ሠሪው አቅልጦ አምባር ያደርገዋል፣ እርሷ የእጅ ዋጋውን ትከፍላለች። አንድ ጠገራ ብር ወደ 28 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አምስት ጠገራ የፈጀ አምባር 140 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ የባለቤቷን ሀብት የማታውቅ ጎረቤት እንኳ ቆጥራ ታውቀዋለች። የድሮ አምባር ወፍራም የሆነበትን ምክንያት የውበት ምርጫ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የሚለበስ ገንዘብ ነበር፤ ገንዘብ ደግሞ ሲከብድ ያምራል።

አልቦ ሌላ ታሪክ ይነግራል። የእግር አምባር ባዶ እግር የሚኬድበት ዘመን ጌጥ ነው። ጫማና ካልሲ በከተማ ሲለመዱ አልቦ የሚታይበት ቦታ አጣና ወደ ዘፈን ገባ። ዛሬ ለሙሽራ አልቦ የሚገዛ ሰው ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ እየገዛ መሆኑን ይወቅ። ይህን ስል ወፍራም የብር አልቦ ደርባባ እርምጃ እንደሚያስተምር አልክድም፤ ተጣድፎ መሄድ አይቻልም።

ፈተናው ቀላል ነው። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ነገር ግን ናስም ኒኬል የተቀላቀለበት ነጭ ብረትም አይሳቡም፣ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አያሳምንም። የተሻለው ውሃ ነው። ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ጅማ ውስጥ ቡና የሚቀምስ ወዳጅ ያለው ሰው አይቸገርም። አምባሩን በደረቁ መዝኑ። ከዚያ በብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣችሁ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ፣ አምባሩንም በክር አንጠልጥላችሁ ታችም ጎንም ሳያስነኩ ውሃው ውስጥ አስጥሙት። አሁን ሚዛኑ በሚያሳየው ቁጥር የመጀመሪያውን ክብደት አካፍሉ። በደረቁ 102 ግራም፣ በውሃው 10 ግራም ካሳየ ውጤቱ 10.2 ነው፤ ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ጌጥ የሚሰጠው ይህን ያህል ነው። 8.7 አካባቢ ከሆነ ብር አይደለም። ውስጡ ባዶ የሆነ አምባር ግን አየር ስለሚይዝ ቁጥሩን ያሳስታል፤ ለእርሱ ወርቅ ሠሪ ዘንድ መሄድ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር፦ የአረጋውያንን ጌጥ በእንግዳ ፊት አትፈትኑ። እኛ የእትዬን አምባር ለልምምድ ብለን ስንመዝን 8.6 ወጣ። ሃምሳ ዓመት ከእጇ ያልወለቀ አምባር ነው። ለሁለት ቀን አላናገረችንም።

የዕድሜ ምልክት የሚፈለገው ከጌጡ ውስጠኛ በኩል ነው። ቆዳ ሲያሸው የኖረ ውስጥ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል፤ የውጪው ቅርጽ ደግሞ ከጠረጴዛና ከድስት ጋር በሚጋጭበት ቦታ ብቻ ይደበዝዛል። ሁሉም ቦታ እኩል የደበዘዘ ከሆነ አሸዋ ወረቀት ነክቶታል።

ጠገራ ብር

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ዓመት ስላለ ዕቃው 240 ዓመት የሞላው ይመስለዋል። ኦስትሪያን ትገዛ የነበረችው ማሪያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ ሳንቲሙ ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ቦታዎች ሲመታ ኖሯል። ቪየና ዛሬም ይመታል። ስለዚህ 1780 የሚለው ቁጥር ስለ ዕድሜው ምንም አያረጋግጥም። አስተማማኙ ጥራቱ ነው፦ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ ማለት ከ28 ግራሙ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። የጠርዙ ጽሑፍ በግልጽ መነበብ አለበት። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይ በጣም አገልግሏል ወይ በቅርጽ ማፍሰሻ ተጭበርብሯል። የአገራችን ሰው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቆጥር ሳንቲሙን አይወስድም ነበር። አያቶቻችን ገበያ ላይ እንዲህ ጠንቃቃ ከነበሩ እኛ የምንቸኩልበት ምክንያት የለም።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ከ1887 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በፓሪስ ተመትቷል፤ ክብደቱም ጥራቱም ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ነው። ትንንሾቹ አላድ (ግማሽ ብር) እና ሩብ ለአንገት ጌጥ ይበልጥ የተመቹ ናቸው፤ አሥር ሙሉ ጠገራ ያንጠለጠለች ሴት 280 ግራም በአንገቷ ትሸከማለች። ሐምሌ 1937 ላይ የኢትዮጵያ አዲስ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ጠገራ ከኪስ እየወጣ ወደ ሣጥንና ወደ ሠሪ ማቅለጫ ገባ። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ የተሠሩ የብር ጌጦች እየቀጠኑ የመጡት የሰው ምርጫ ስለተለወጠ ብቻ አይደለም፤ ጥሬ ዕቃው ከገበያ ስለሸሸም ነው።

ቀዳዳ ወይም የተበየደ ቀለበት ያለበት ሳንቲም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ይወርዳል። ለጥሎሽ ግን እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ቀዳዳው ውስጥ ክር የበላውን ጠርዝ ፈልጉ፤ ወደ ልብስ የዞረው ፊት ከሌላው ይበልጥ ከለሰለሰ፣ የአንድ ሰው ደረት ላይ ለዓመታት እንደተንጠለጠለ ታውቃላችሁ።

ጨሌና ቢጫው ድንጋይ

የብርጭቆ ዶቃ ወደ ጊቤ አገር፣ ማለት ወደ ጅማና አካባቢዋ፣ የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። ከቬኒስና ከቦሔሚያ የተነሣው ዶቃ በምጽዋ ገብቶ፣ በጎንደርና በጎጃም ባሶ ገበያ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጀበርቲ (የሰሜን ሙስሊም) እና በአፍቃላ (የኦሮሞ) ነጋዴዎች እጅ የጅማው ትልቅ ገበያ ሂርማታ ይደርስ ነበር። ከዚህ ወደዚያ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይሄዳል፤ ሰውም በባርነት ተሸጦ ይሄድ ነበር። አንድ ክር ጨሌ አንገት ላይ ስታደርጉ ይህ ሁሉ መንገድ አብሮ እንዳለ ማወቅ ጥሩ ነው።

ስለ ፋሽን ከሁሉ በላይ የሚናገረው ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። ብር ሀብትን ያሳያል፤ ዶቃ ግን ምርጫን ያሳያል። ቀለሙና መጠኑ ከአካባቢ አካባቢ፣ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል፤ በምሥራቅ አፍሪካ የዶቃ ንግድ ገዢው የሚወደውን ቀለም ሳያጣራ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ጭነቱን ይዞ ይመለስ ነበር። የአውሮፓ ፋብሪካ የአፍሪካን ሴት ምርጫ ተከትሎ ቀለም ይቀይር ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው።

እኔ የተሸወድኩት በዶቃ ሳይሆን በቢጫው ድንጋይ፣ አምበር በሚባለው የጥንት ዛፍ ሙጫ ነው። በሙስሊም ሴቶች አንገት ላይ ትልልቅ ሆኖ የሚታየው ያ ማር የመሰለ ጌጥ። ሻጩ የአያቱ እንደሆነ ምሎ ሸጠልኝ። ቤት ስደርስ መርፌ አግዬ በቀዳዳው ውስጥ ነካሁት፤ የዕጣን ሽታ ስጠብቅ የሆስፒታል ኮሪደር ሸተተኝ። ቤክላይት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 የተፈለሰፈ ፕላስቲክ። አምበር እየመሰለ ለአፍሪካና ለዓረብ ገበያ በብዛት ተሠርቷል።

መርፌ ከመንካታችሁ በፊት ጨው ሞክሩ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙና ከክሩ ያወጣችሁትን አንድ ፍሬ ጣሉበት። አምበር ይንሳፈፋል፣ ቤክላይትና ብርጭቆ ይሰምጣሉ። አንዳንድ ፕላስቲክም ስለሚንሳፈፍ መስመጡ ሐሰትነቱን ያረጋግጣል እንጂ መንሳፈፉ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ለተንሳፈፈው ነው የጋለ መርፌ የሚያስፈልገው። ዕድሜው ያልጠና አዲስ ሙጫ ከሆነ ደግሞ አንድ ጠብታ አሴቶን ሲነካው ይጣበቃል።

አሁን የሚገርመውን ልናገር። ያንን ቤክላይት አልጣልኩትም። ቀዳዳዎቹ በክር ተበልተዋል፣ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ጎናቸው ጠፍጥፏል፤ አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋዋለች። የከፈልኩት ዋጋ ሐሰት ነው፣ ጌጡ ግን የዘመኑ ፋሽን እውነተኛ ምስክር ነው። ለአምበር ዋጋ አትክፈሉ፤ በቤክላይት ዋጋ ካገኛችሁ ግን አትናቁት።

ለጥሎሽ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ጨሌ ሲባል ውቃቢ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው። የማን እንደነበር ያልታወቀ አሮጌ ጨሌ ቤታቸው እንዲገባ የማይፈቅዱ ቤተሰቦች አሉ፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ወገን። የሙሽራውን እናት ሳትጠይቁ አትግዙ። እኛ ጠየቅን፤ ሙሽሪት ያኔ ነው ጨሌውን የተወችው።

ወለባና ኩክ ማውጫ

እነዚህን ሁለቱን ማንም አላነሣቸውም ነበር፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጣቸዋለሁ። ወለባ በሹሩባ ውስጥ የሚሰካ የብር ጌጥ ነው። ኩክ ማውጫ ደግሞ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነ፣ እጀታው በቅርጽ ያጌጠ፣ በአንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚዞር የጆሮ ማጽጃ ነው። ሁለቱም ሥራ አላቸው። ቅቤ የጠጣ፣ በጥብቅ የተሠራ ሹሩባ ሲያሳክክ በጣት ቢነኩት ይፈርሳል፤ ሹል ወለባ ግን ሳያበላሽ ይደርሳል። የአንድ ጌጥ ቅርጽ ስለ ጸጉር አሠራር፣ ስለ ቅቤና ስለ ትዕግሥት ይህን ያህል ሲናገር አምባር ዝም ይላል። ኩክ ማውጫውስ? ንጽሕናን ደብቀው የሚሠሩት ሳይሆን በአንገት ላይ አንጠልጥለው የሚያሳዩት ነገር እንደነበር ይመሰክራል።

ክብደታቸው ትንሽ ስለሆነ የብሩ ዋጋ አይከብድም፤ ገንዘቡ የሚሄደው ለሥራው ነው። ኩክ ማውጫ ዛሬ በሰንሰለት ሆኖ ከማንኛውም ልብስ ጋር ይሄዳል፤ በሥራ ቀን ቢሮ ይዛው የምትገባ ሙሽራ አውቃለሁ። ችግሩ በቱሪስት ምክንያት አዲሱ መብዛቱ ነው። የማንኪያውን ከንፈር እዩ፦ ያገለገለ ከሆነ ይሳሳል፣ ትንሽም ያጋድላል፣ ምክንያቱም ሰው አንዱን እጁን ያዘወትራል። አዲስ ቢሆንም ግን አልነቅፍም፤ አዲስ ነው ተብሎ ከተሸጠ።

የቀሩት በአጭሩ

የኩል ዕቃ ከቀንድ፣ ከእንጨት፣ ከቆዳ ወይም ከናስ ከመኳያው ጋር ይሠራል። ለትንሽ በጀት ጥሩ ነው። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ስለሆነች ቅርጹን ስላችሁ አዲስ ማሠራትም ትችላላችሁ። ውስጡ የቀረውን አሮጌ ኩል ግን ዓይናችሁን አታስነኩት፤ ብዙ የጥንት ኩል እርሳስ ያለበት ማዕድን ነው።

የክታብ መያዣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ያደርጉት ስለነበር ለተቀላቀለ ጋብቻ ሊመች ይችላል። የተሰፋ ቆዳ ከሆነ አትክፈቱት፤ የሌላ ሰው ጸሎት ነው።

ለሙሽራው ጭራ፣ ከዘራ ወይም ጃንጥላ አለ። ጃንጥላ በስሙ ውስጥ እንኳ የጃንሆይን «ጃን» የያዘ፣ የማዕረግ ምልክት የነበረ ዕቃ ነው። ዛሬ ጅማ ውስጥ ያለ ጃንጥላ የሚወጣ ሰው ስለሌለ ማዕረጉን ዝናቡ ወስዶበታል።

የዝሆን ጥርስ አምባር ቢቀርብላችሁ አትግዙ። ዝሆን የገደለ አዳኝ ክብሩን የሚያሳይበት ጌጥ እንደነበር እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1999 የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ መሸጥና መግዛቱን ይከለክላል። መንግሥትም በመጋቢት 2007 ከስድስት ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ አዲስ አበባ ላይ አቃጥሏል። ሲንቄ፣ ያገባች የኦሮሞ ሴት የክብር በትር፣ ብትጠየቁም ከገበያ የሚገዛ አይደለም፤ ከእናት የሚቀበሉት ነው።

| ጌጥ | ስለ ድሮው ምን ይናገራል | ዛሬ ይለበሳል? | የቤት ፈተና | በጀት |
|---|---|---|---|---|
| የብር አምባር | የሴት የግል ሀብት | አዎ፣ ከባድ ቢሆንም | የውሃ ሚዛን | ከፍተኛ |
| አልቦ | ባዶ እግር የሚኬድበት ዘመን | ለሠርግ ቀን ብቻ | የውሃ ሚዛን | ከፍተኛ |
| የጠገራ አንገት ጌጥ | ገንዘብና ጌጥ አንድ የነበሩበት | ከአንድ እስከ ሦስት ሳንቲም ከሆነ | ክብደት፣ የጠርዝ ጽሑፍ | መካከለኛና ከዚያ በላይ |
| ጨሌ | የቀለም ምርጫ፣ የሩቅ ንግድ | አዎ፣ ቤተሰብ ከፈቀደ | የቀዳዳ መበላት | ዝቅተኛ |
| አምበር | የሩቅ ንግድ፣ ክብር | አዎ | ጨው ውሃ፣ የጋለ መርፌ | በጣም ከፍተኛ |
| ወለባ፣ ኩክ ማውጫ | የጸጉር አሠራር፣ ንጽሕና | አዎ፣ በየቀኑ | የጫፍ መሳሳት | ዝቅተኛና መካከለኛ |
| የኩል ዕቃ | የዓይን ውበት | አይለበስም፣ ይቀመጣል | በዓይን ብቻ | ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ካለና ሙሽሪት ለክፉ ቀን የሚሆን ነገር እንድትይዝ የሚፈለግ ከሆነ ወፍራም አምባር ግዙ፤ የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በክብደቱ አባዙ፣ ውጤቱንም በጥራቱ (ከጠገራ የተሠራ ከሆነ በ0.833) አባዙ፣ ከዚያ በላይ የተጠየቃችሁት ለሥራውና ለዕድሜው ነው። ዕድሜውን ማረጋገጥ ካልቻላችሁ ለሥራው ብቻ ክፈሉ። በጀቱ ጠባብ ከሆነ አንድ ኩክ ማውጫ ከቀጭን የብር ሰንሰለት ጋር ከአሥር የተጭበረበረ ጠገራ ይበልጣል። ታሪክ ወዳድ ሆኖ የማይለብሰው ሰው ቀዳዳ ያለበት አንድ ጠገራ ይበቃዋል። ቤቱ ውስጥ አያት ካለች ደግሞ ከገበያው በፊት ሣጥኗን ጠይቁ። ሣጥኑ ባዶ ቢሆን እንኳ ምን እንደነበረበትና መቼ እንደተሸጠ ትነግራችኋለች።

ወርቅ ሠሪ ዘንድ አዲስ ካሠራችሁ የእጅ ዋጋ ላይ አትከራከሩ። ይህ ሙያ ባለ እጅ እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው፤ ጌጡን ለብሶ ሠሪውን የሚንቅ ማኅበረሰብ ነበርን፣ ቢያንስ እኛ በክፍያ እናስተካክለው።

የተገዛውን ጌጥ በጥርስ ሳሙናም በአመድም አትፈትጉ፤ በለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው ጥቁረት የዕድሜው ማስረጃ ስለሆነ ካጠፋችሁት አይመለስም። የዶቃ ክር ግን በየጊዜው ቀይሩ፤ ገመዱ ሲበጠስ ፍሬው ይጠፋል።

ውጭ አገር ለምትኖር ዘመድ የሚላክ ከሆነ ነገሩ ይጠነክራል። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ዕቃው ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ከሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ያዙ፣ የገዛችሁበትንም ደረሰኝ አትጣሉ። እኛም ለሙሽሪት ካሠራነው ኩክ ማውጫ ጋር አንድ ሁለተኛ ቨርጂኒያ ላለችው እህቷ አሠርተናል። ሁለቱም አዲስ ናቸው፣ ደረሰኛቸውም ላይ አዲስ ተብሎ ተጽፏል። የእትዬ 8.6 አምባር ግን እጇ ላይ እንዳለ ነው፤ ለማን እንደምታወርሰውም ገና አልተናገረችም።